ዝም የሚለው ፒክአፕ

ለአብዮቱ ሰማዕታት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ሲደረግ፣ በሆሳዕናው አዳራሽ ውስጥ ዝም ያላለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔ ጊታር። የላብ አደሮች ቀን ነው። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ከአምፕሊፋየሩ ግን «እምምምም» የሚል ድምፅ ያለማቋረጥ ይወጣል። ክሮቹን በሁለት እጄ አፈንኳቸው፤ አልቀነሰም። የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ ከተበላሸ ቆይቶ ሽቦው በቀጥታ ተበይዷል። ገመዱን ብነቅለው እንደ ጥይት ይጮኻል፤ በዚያ ዘመን እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር በአዳራሽ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። አምፕሊፋየሩን እንዳናጠፋው፣ የአስተዳዳሪው ማይክራፎን የተሰካውም እዚያው ላይ ነው። እናም ያቺን ደቂቃ እስከ መጨረሻዋ ጊታሩን ታቅፌ በላብ ተጠመቅኩ።

ጊታሩን የያዝኩት እኔ፣ የታሰረው ግን የአምፕሊፋየሩ ኃላፊ ነው። እኔ በከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ ለአውራጃው የኪነት ቡድን የተመደብኩት ጊታር እችላለሁ ተብሎ ነው። እሱ ጓደኛዬ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ለአምፕሊፋየሩ የተመደበውም በዚሁ ሙያው ነው። ለምን እሱ እንደታሰረ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የእኔ አባት በከተማው ዙሪያ ያለው የሌሞ ገጠር ገበሬ ነው። የእሱ አባት ከሰሜን የመጡ፣ ከአብዮቱ በፊት እዚያው ሌሞ ውስጥ ሰፊ መሬት የነበራቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ሞተዋል፤ ስማቸው ግን ልጃቸው ላይ ቀርቷል። በእኔ ጊታር ቢሰማ ብልሽት የሚባለው ነገር፣ በእሱ እጅ ሲያልፍ «የፊውዳል ርዝራዥ አሻጥር» ሆነ። ዘጠኝ ቀን በቀበሌው እስር ቤት አድሮ ወጣ። ሲወጣ አንድ ነገር ተነግሮታል፤ ያ ድምፅ ሁለተኛ ከተሰማ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። በዚያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የተላከ ሰው ምን እንደሚሆን ላስረዳ አልሞክርም። እናቱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥ አላቸው።

የሚቀጥለው በዓል የአብዮት በዓል ነበር፤ መስከረም ሁለት። የፕሮፓጋንዳው ካድሬ ቀጭን፣ ትያትር የሚወድ ሰው ነው። እኔ ጠላሁት እንጂ ለሙዚቃ ጆሮ ነበረው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ መጥቶ «የኅሊና ጸሎቱ ሲያበቃ ከዝምታው ውስጥ ጊታር ብቻውን ይነሳል፤ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው» አለን። በእጁ አሳየን። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞሮ «ዝምታው ንጹሕ ይሁን ጓድ» አለው። ጓደኛዬ «እሺ ጓድ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ክረምቱን ሙሉ ያንን ድምፅ ስናሳድድ ከረምን። በመጀመሪያ ገመዱን ቀየርን። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ፈታን። ጓደኛዬ የአዳራሹን ረጃጅም ነጭ መብራቶች አንድ በአንድ አጠፋ። የከተማውን ጄኔሬተር ሠራተኛ እንኳ ሄደን አነጋገርነው፤ ሰውዬው እንደ እብድ አየን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ጥፋተኛው ጊታሩ ላይ ነበር፤ ክሮቹ ሥር ያለው፣ የክሩን ንዝረት ሰምቶ ወደ ገመዱ የሚልከው፣ እኛ ፒክአፕ የምንለው ነገር። ጊታሩ ሁለት ፒክአፕ ነበረው። ወደ ጅራቱ ያለው ተቃጥሎ ሞቷል። ወደ አንገቱ ያለው ይሠራል፤ ድምፁም ለስለስ ያለ ስለሆነ ለእኛ ዜማ ይስማማል፤ ግን ውስጡ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ስለሆነ የክሩን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የመብራቱንም የጄኔሬተሩንም ይሰማል።

ጓደኛዬ የጉዞ ፈቃድ አውጥቶ አዲስ አበባ ሄደና ከአንድ ጠጋኝ ሌላ የአንገት ፒክአፕ ይዞ መጣ፤ በነሐስ ቆርቆሮ የተሸፈነ። ገጠምነው። ድምፁ ቀነሰ፤ አልጠፋም። ደግሞ አንድ አስቂኝ ነገር አገኘን፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ስዞር ድምፁ እየከሰመ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ጮቤ ረገጥን። ቦታዋን በጠመኔ ምልክት አደረግንባት። ከዚያ ቀና ብለን ስናይ፣ ፊቴ ወደ ኋላው ግድግዳ፣ ጀርባዬ ደግሞ ወደ አስተዳዳሪውና ወደ እንግዶቹ ወንበር ነው። ለመሪዎች ጀርባውን ሰጥቶ የሚጫወት ጊታር መቺ! ጓደኛዬ ጠመኔውን በጫማው አጠፋው። ከእስር ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳቁም ወዲያው ደረቀ።

«ሁለት ጥቅል ያለው ነው የሚያስፈልገን» አለኝ። «ጎን ለጎን፣ አንዱ በአንዱ ተቃራኒ የተጠመጠመ። ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ አንዱ ለሌላው ያጠፋለታል። ክሩን ግን ሁለቱም ይሰሙታል። በመጽሐፍ አይቼዋለሁ፤ በዓይኔ ግን አላየሁም።»

እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አራት ዓመት ተጫውቼበታለሁ። ግን አልነገርኩትም።

የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ጊታር ነበር፤ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ለመዘምራኑ ትቶት የሄደው። ቤተ ክርስቲያኑ ሊታሸግ ሁለት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎቹ ንብረቱን በየቤቱ ደበቁት። መዝሙር መጽሐፉ እህል ጎተራ ገባ፤ የጌታ እራት ጽዋዎቹ እንሰት ሥር ተቀበሩ። ጊታሩን ተሸክሜ ሌሞ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የተሸሸገው ከሁሉም አንጋፋ በሆኑት ሽማግሌ ቤት፣ ቆጡ ላይ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ኪነት ገባሁ፤ አባቴም ስለ ጊታር ከእኔ ጋር መነጋገር ተወ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያ ጊታር መኖሩ ከታወቀ የደበቁት ሁሉ ይታሰራሉ፤ አባቴም ጭምር። ካልወሰድኩት ደግሞ ጓደኛዬ ይላካል። ነሐሴ እስኪጋመስ ድረስ ከዚህ ወዲያ አላሰብኩም፤ ፈሪ ሰው ጊዜ ሲያልቅበት ነው የሚወስነው።

በመጨረሻ ለአባቴ ነገርኩት፤ እሱም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። ሰማኝና «ለዘፈን ነው?» አለ።

«ለዘፈኑ አይደለም፤ ለዝምታው ነው። ዘፈኑን በዚያኛውም እጫወተዋለሁ» አልኩት።

እሱም «እኔ ብቻዬን አልሰጥም፤ ሦስት ሽማግሌ ሳይስማማ ንብረት አይወጣም» አለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በሩ ላይ ማኅተም ተለጥፎበታል፤ ደንቡ ግን አልታሸገም።

ሦስቱ የተገናኙት ለቅሶ ደራሽ መስለው በአንጋፋው ሽማግሌ ቤት ነው። እሳቸውን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ሦስተኛው በክሊኒክ የሚሠራ ድሬሰር ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ጸሐፊ። ዝናቡ የእንሰቱን ቅጠል እየደበደበው በሀዲይኛ ተነጋገርን። ያለብንን ችግር አስረዳሁ። አንድ ሰው እንደሚላክ፣ ጥፋት እንደሌለበት ተናገርኩ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አባባ።

ይህች ጥያቄ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። አባባ በጓደኛዬ አባት መሬት ላይ ጭሰኛ ነበሩ። አንድ ዓመት የእርሻውን ድርሻ በሙሉ አላስገባህም ተብለው በሬያቸው ከደጃቸው ተነድቶ ሲወሰድ፣ እሳቸው እስከ መንገዱ ድረስ እየተከተሉ ለምነው እንደነበር በሌሞ የማያውቅ የለም። እኔም እያወቅኩ፣ ካልተጠየቅኩ ሳልናገር ፒክአፑን ይዤ ልሄድ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ስሙን ከነአባቱ ተናገርኩ።

አባባ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ዝናቡ ውስጥ፣ እንሰቱ መሐል ጀርባቸው ይታየኛል። ብዙ ቆዩ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ በልቤ ተነሥቼ ልሂድ ስል፣ አባባ ርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገብተው መሰላሉን ቆጡ ላይ አስደገፉት።

«ልጁ በሬዬን አልነዳም» አሉ።

ጊታሩ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ጭስ ጠግቦ ወረደ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ብሎኖቹን ፈታሁ። ፒክአፑን አወጣሁና በመሐረብ ጠቀለልኩት። ልነሣ ስል ድሬሰሩ ከደረት ኪሱ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ቃለ ጉባኤ።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ተናደድኩ፤ ጮህኩ ማለት ይቻላል። ተደብቀን፣ የተደበቀ ዕቃ ልንሰጣጥ፣ ስማችንን በገዛ እጃችን ወረቀት ላይ? ማስረጃ ሠርተን ልናስረክባቸው? እነዚህ ሰዎች ሲሰደዱም ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ! ድሬሰሩ አልተናደደም። «ያልተጻፈ ዕቃ ይጠፋል። የማኅበር ንብረት ነው፤ የአባቴ ቢሆን በቃል እሰጥህ ነበር» አለ። አባቴም አባባም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ ዘንድ ቤንች እንኳ የሚወጣው በፊርማ ነው። ድሬሰሩ ቀስ ብሎ በአማርኛ ጻፈ፤ የተሰበሰብነው ሽማግሌዎች የጊታሩን አንድ ዕቃ በውሰት ሰጥተናል፣ ዕቃው በዓሉ እንዳበቃ ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። ከነአባታቸውና ከነቀዬአቸው ስም ፈረሙ። አባባ መጀመሪያ ፈረሙ፤ ፊደል በእርጅናቸው ስለተማሩ እያንዳንዷን እየሳሉ። እኔም «ተረካቢ» በሚለው ላይ ፈረምኩ። ወረቀቱን አባባ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የኪነቱን ጊታር ቀዳዳ በቢላ አስፍቼ ፒክአፑን የገጠምኩት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ ነው። ጓደኛዬ ሽቦውን በየደውና አምፕሊፋየሩን ከፈተ። ምንም የለም። የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ጨመረ። ምንም።

«ተቃጥሏል» አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

አንድ ክር ነካሁ። ክፍሉ በድምፅ ሞላ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እጄን ሳነሣ እንደገና ጸጥ። ተያየን። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ፒክአፑን ተመለከተ፤ አሸተተው። እንዲህ ያለ የጭስ ሽታ ከአዲስ አበባ እንደማይመጣ አላጣውም።

«ከየት ነው?»

«አንተ ከአዲስ አበባ ያመጣኸው ነው። የጉዞ ፈቃዱ እጅህ ላይ አለ።»

መበየጃውን አስቀመጠና «አዎ፣ እኔ ያመጣሁት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት መድረክ ላይ ሆኜ ክር እየቃኘሁ ወደ በሩ አያለሁ። ሰው በቀበሌ በቀበሌ ሆኖ ይገባል፤ ከየገበሬ ማኅበሩ የመጣውም ተሰልፏል። የአብዮት ጠባቂዎቹ በር ላይ እያንዳንዱን ሰው ይፈትሻሉ። በሰልፉ ውስጥ አባባን አየኋቸው። አለባበሳቸው የእሑድ ነው። እጃቸው ኮታቸው ኪስ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ገባኝ። ወረቀቱን ይዘውት መጥተዋል። በዓሉ እንዳበቃ ሳይውል ሳያድር ይላል ወረቀቱ! ዕቃውን እዚሁ ሊረከቡኝ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው።

ጠባቂው ከአባባ ኪስ ወረቀቱን መዝዞ ዘረጋ። በመሠረተ ትምህርት በቅርቡ ማንበብ የተማረ ሰው ነው፤ እንደተማረው ጮክ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ያነባል። «የ… ተ… ሰ… የተሰበ… የተሰበሰብነው… ሽ… ማ…» ሽማግሌዎች እንዳይሰበሰቡ በተከለከለበት ከተማ፣ ከዚህ የከፋ አጀማመር አይገኝም። ካድሬው ከበሩ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። አባቴ ከሰልፉ ኋላ ቆሟል፤ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔን ጊታሩ በገመዱ አስሮኛል፤ ባልታሰርም እግሬ አይንቀሳቀስም ነበር።

ጓደኛዬ ሽቦ ሊዘረጋ በሩ አጠገብ ነበር። አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን ሲያይ አየሁት። ሲያነብ ለካ ፈጣን ነው። የጊታር ዕቃ፣ የሦስት ሰው ስም፣ የእኔ ስም፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ አየው። እኔ እሱን ዓመታት አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቅኩም። ወረቀቱን ለካድሬው ቢያሳይ አሻጥረኛነቱ በዚያው ቀን ይሠረዝለት ነበር። የኪነቱም የቀበሌውም ዓይን ከእሱ ላይ ለዘላለም ይነሣ ነበር። እናቱም እንጀራ ይበሉ ነበር።

«ኧረ ይሄ የእኛ አይደል እንዴ!» አለ ጮክ ብሎ። «የኪነቱ የንብረት መረከቢያ እኮ ነው! ከትናንት ጀምሮ ስፈልገው! አባባ፣ የት አገኙት? እግዜር ይስጥልኝ።» ጠባቂው እያመነታ «የተሰበሰብነው ይላል» አለ። «ታዲያ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ንብረት ይወጣል?» አለና ወረቀቱን ከእጁ ላይ ወሰደው። ካድሬው ዞር ብሎ «ምንድን ነው?» ሲል፣ ጓደኛዬ ወረቀቱን አጥፎ «የጊታሩ ሰነድ ነው ጓድ፤ ንብረት ነው» አለ። ካድሬው ሰነድ አይወድም፤ ወደ አበባ ዝግጅቱ ተመለሰ። አባባ ገቡ። ጓደኛዬ ወደ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ሲመለስ ከንፈሩ ነጭ ነበር።

የኅሊና ጸሎቱ ሰዓት ደረሰ። ሁሉም ተነሣ። አምፕሊፋየሩ በሙሉ ኃይሉ ክፍት ነው፤ መብራቶቹ በርተዋል፤ ጄኔሬተሩ ከሩቅ ይሠራል። ዝም። የአንድ ሰው ጫማ ሲንቋቋ ይሰማል። ካድሬው ዓይኑን ጓደኛዬ ላይ ተክሏል። ጓደኛዬ ዓይኑን እኔ ላይ። እኔ ወደ ሰዉ አየሁ። አባባና አባቴ ጎን ለጎን አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ድሬሰሩም ከኋላ፤ ሌሎችም የማውቃቸው፣ የማኅበራችን ሰዎች፣ እዚህም እዚያም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በራችን ከታሸገ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ሲጸልዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ያውም በካድሬ ትእዛዝ። ለማን እንደሚጸልዩ አላውቅም። የካድሬው እጅ ሲነሣ ጅማሬውን ትንሽ አዘገየሁት፤ ሁለት ትንፋሽ ያህል። ከዚያ በላይ ጓደኛዬ ላይ ልጨክን አልቻልኩም። የመጀመሪያውን ክር ነካሁ።

ካድሬው በዓሉ ሲያበቃ የጓደኛዬን ትከሻ መታ አድርጎ «አየህ፣ ሲፈልጉ ይቻላል» አለው። ያ ብቻ ነው። የዚያ ክረምት ሁሉ ፍርሃት ዋጋ ያ ብቻ ነበር፤ ግን ጓደኛዬ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሄደ።

ከመሄዱ በፊት ግን ከመድረኩ ኋላ ባለችው ክፍል ውስጥ አባባ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ፒክአፑን ፈታሁት፤ ጓደኛዬ በመሐረብ ጠቅልሎ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው። ወረቀቱንም ሰጣቸው። እዚያው ቀድደው እንደሚጥሉት ጠብቄ ነበር። አባባ መነጽራቸውን አውጥተው ሁሉንም አነበቡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ እስክሪብቶም አቀበሉት።

«ዕቃ ተመልሷል፤ አስረካቢ ይፈርማል» አሉ በአማርኛ።

«እኔ ልፈርም» አልኩ።

«አንተ ተረካቢ ነህ። የሰጠኝ እሱ ነው።»

ጓደኛዬ ወረቀቱን አየ። ከላይ ያሉት ስሞች ቢያዙ ምን እንደሚሆኑ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ እሱ ከእነሱ ጋር አንድ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። ጎንበስ አለና የራሱን ስም ጻፈ። ከዚያ እጁ ቆመ። የአባባን ስም፣ ቀጥሎም የአባታቸውን፣ ከሥሩም የቀዬአቸውን ስም ሲያነብ አየሁት። አባቱ መሬታቸውን ይጠሩበት የነበረ ስም ነው፤ ያውቀዋል። ጆሮው ቀላ። እስክሪብቶውን ሊያስቀምጥ ነው።

አባባ ጣታቸውን ከስሙ ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አደረጉ።

«የአባትህንም ጻፍ» አሉት።

ጻፈው።